ከተደበቀ እጅ ወደሚነበብ ሥራ፦ የምስል ቅንብር ሙያና የትምህርቱ ታሪክ

በፊልም ሙያ ውስጥ «ኮምፖዚቲንግ» የሚባለው ሥራ በተለያየ ጊዜና ቦታ የተቀረጹ ወይም በኮምፒውተር የተሠሩ ምስሎችን አዋህዶ፣ ሁሉም በአንድ ካሜራ በአንድ ቅጽበት የተነሡ እስኪመስሉ ድረስ ማቀናበር ነው። ተዋናዩ በስቱዲዮ ውስጥ አረንጓዴ ጨርቅ ፊት ይቆማል፤ ከበስተጀርባው የሚታየው ከተማ በሌላ አገር የተቀረጸ ወይም ከነጭራሹ የሌለ ሊሆን ይችላል፤ በመካከላቸው የሚያልፈው ጭስም ከሦስተኛ ቀረጻ የተወሰደ ነው። ዛሬ ሙያውን የሚማር ሰው በአብዛኛው የሚሠራው «ኖድ» በሚባሉ ትንንሽ ሣጥኖች ሲሆን፣ እያንዳንዱ ኖድ ምስል ተቀብሎ አንድ የተወሰነ ተግባር ይፈጽምበትና ውጤቱን በመስመር ለሚቀጥለው ያስተላልፋል፤ የሣጥኖቹና የመስመሮቹ ድምር የኖድ ዛፍ ይባላል። አሠራሩ ከኮምፒውተር ጋር የተወለደ ቢመስልም፣ አብዛኞቹ ኖዶች የሚፈጽሙት ተግባር ከኮምፒውተር በፊት የነበረ፣ አንዳንዱም ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ነው። ኖድ ወደ ሙያው ያመጣው ዋና አዲስ ነገር፣ ቀድሞ በጥቂት ባለሙያዎች እጅና በተዘጋ ክፍል ውስጥ ይቀር የነበረውን የሥራ ቅደም ተከተል ሌላ ሰው ሊያነበው በሚችል መልክ ማቆየቱ ነው፤ የሙያውን ታሪክ ከትምህርቱ ታሪክ ለይቶ ማየት የሚያዳግተውም በዚህ ምክንያት ነው።

በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሲሆኑ፣ ታሪኩ ብዙውን ጊዜ የሚጀመረው በፓሪስ የሮበር ኡዳን ቴአትር ባለቤትና የምትሃት ትርኢት አቅራቢ ከነበረው ከጆርጅ ሜሊዬስ ነው። ሜሊዬስ በ1898 በሠራው አጭር ፊልም የገዛ ራሱን ከአንገቱ እየነቀለ ጠረጴዛ ላይ ሲደረድር፣ በምትኩም ሌላ ራስ ሲበቅልለት ይታያል፤ በ1900 ደግሞ በአንድ መድረክ ላይ ሰባት ሆኖ የሙዚቃ ጓድ ሲያቋቁም ታይቷል። ዘዴው የተመሠረተው በፊልም ኬሚካላዊ ጠባይ ላይ ነው፤ ብርሃን ያረፈበት የፊልም ክፍል ምስል ሲይዝ፣ ከጥቁር ነገር ትይዩ የነበረው ክፍል ግን ብርሃን ስላልነካው ለሌላ ቀረጻ ክፍት ሆኖ ይቆያል። ስለዚህ ሜሊዬስ ጥቁር መጋረጃ ፊት ቆሞ አንዱን ትወና ከቀረጸ በኋላ፣ ፊልሙን በካሜራው ውስጥ ወደ ኋላ ጠቅልሎና ቦታውን ቀይሮ ሁለተኛውን፣ ከዚያም ሦስተኛውን በዚያው ፊልም ላይ ይቀርጽ ነበር። ሰባት ሰው የሚታይበት ትዕይንት ደጋግሞ ለብርሃን የተጋለጠ አንድ ፊልም በመሆኑ፣ በመጨረሻው ዙር የተፈጠረች ስህተት የቀደሙትን ዙሮች ሁሉ ይዛ ትጠፋ ነበር።

ጥቁር መጋረጃ የማይሆንበት ትዕይንት ሲያጋጥም፣ መፍትሔው ከሌንሱ ፊት ያለውን ቦታ በከፊል መሸፈን ሆነ። ኤድዊን ፖርተር በ1903 በሠራው «ታላቁ የባቡር ዘረፋ» ፊልም፣ በቴሌግራፍ ቢሮው መስኮት በኩል ሲያልፍ የሚታየው ባቡር ከቢሮው ጋር አብሮ የተቀረጸ አይደለም፤ ሁለቱ ለየብቻ ተቀርጸው በአንድ ፊልም ላይ የተገናኙ ናቸው። እንዲህ ባለው አሠራር በአንደኛው ዙር የመስኮቱ ቦታ ይሸፈናል፤ በሁለተኛው ዙር ደግሞ ከመስኮቱ በቀር ሌላው ሁሉ ይሸፈናል። የምስልን አንድ ክፍል ከብርሃን የሚከላከለው ይህ መሸፈኛ በሙያው ቋንቋ «ማት» ይባላል። በ1907 ኖርማን ዶውን የካሊፎርኒያን አሮጌ የሚሲዮን ሕንፃዎች ሲቀርጽ፣ በካሜራውና በሕንፃው መካከል መስታወት አቁሞ የፈረሰውን ጣሪያና ግድግዳ በመስታወቱ ላይ በቀለም በመሙላት ሥዕልን ከእውነተኛ ቦታ ጋር አዋሐደ። እነዚህ ዘዴዎች ሁሉ የሚያገለግሉት መለያው መስመር ባለበት ጸንቶ ለሚቆይ ትዕይንት ነበር፤ የሚንቀሳቀስ ሰውን ከሌላ ዳራ ጋር ለማገናኘት ግን ማቱም ከሰውዬው ጋር በእያንዳንዱ ፍሬም መልኩን መለወጥ ነበረበት።

ይህን ጥያቄ በስፋት በሚሠራ ዘዴ ከመለሱት አንዱ፣ በ1918 የፈጠራ ባለቤትነት መብት ያገኘው አሜሪካዊው የካሜራ ባለሙያ ፍራንክ ዊሊያምስ ነው። ዊሊያምስ ተዋናዩን አንድ ወጥ በሆነ ዳራ ፊት ቀርጾ፣ ምስሉን ጥቁርና ነጭን ብቻ አጉልቶ በሚያወጣ ፊልም ላይ ደጋግሞ በማተም የተዋናዩን ጥላ ብቻ የያዘ ተንቀሳቃሽ ማት አገኘ። በ1933 የወጣው «የማይታየው ሰው» ፊልም በዚህ ዘዴ ተጠቅሟል፤ የማይታየው የሰውነት ክፍል በጥቁር ቬልቬት ተሸፍኖ በጥቁር ቬልቬት ዳራ ፊት ሲቀረጽ፣ ልብሱ ብቻ በአየር ላይ እንደሚሄድ ሆኖ ወጥቷል። በእነዚህ ትዕይንቶች ማሽንና ኬሚካል ያልያዙትን ጉድለት፣ የሚታየውን ስንጥቅና የተረፈውን ጥላ፣ ሠራተኞች በብሩሽ ከፍሬም ወደ ፍሬም እየተከተሉ መሸፈን ነበረባቸው።

የሙያው ዋና መሣሪያ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል «ኦፕቲካል ፕሪንተር» ነበር። ይህ ማሽን አንድ ፕሮጀክተርና አንድ ካሜራ ፊት ለፊት የተገጠሙበት ሆኖ፣ የታጠበውን ፊልም ፍሬም በፍሬም ወደ አዲስ ፊልም እየገለበጠ በመንገድ ላይ ማት፣ የቀለም ማጣሪያና የመጠን ለውጥ ለማስገባት ያስችላል። በአርኬኦ ስቱዲዮ ይሠራ የነበረው ሊንዉድ ደን ለ«ኪንግ ኮንግ» በ1933፣ ለ«ሲቲዝን ኬን» በ1941 የሠራቸው ቅንብሮች ማሽኑ ምን ያህል ሊሄድ እንደሚችል አሳዩ፤ ደን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዓመታት ያሳደገው «አክሚ-ደን» ፕሪንተር ደግሞ፣ ቀድሞ እያንዳንዱ ስቱዲዮ በየራሱ ወርክሾፕ ይገጣጥመው የነበረውን መሣሪያ ተመርቶ ወደሚሸጥ ዕቃ ለወጠው። ሥራው የሚመራው በወረቀት ነበር፤ የትኛው ፊልም በየትኛው ፍሬም እንደሚጀምር፣ የትኛው ማት ከየትኛው ጋር እንደሚሄድ፣ ብርሃኑ ስንት እንደሚሆን በረድፍ ይጻፍና የማሽኑ ሠራተኛ ያንን እየተከተለ ሌሊቱን ሙሉ ያትም ነበር። ይህ የሥራ ወረቀት የዛሬው የኖድ ዛፍ ቅድመ አያት ነው ማለት ይቻላል፤ ልዩነቱ ወረቀቱ ውጤቱን በራሱ መሥራት አለመቻሉና ሥራው ሲያልቅ ከማኅደር ውጭ ጥቅም የሌለው መሆኑ ነው።

የቀለም ፊልም መስፋፋት ማትን ከቀለም ለማውጣት በር ከፈተ። በ1940 ላሪ በትለር ለ«የባግዳዱ ሌባ» ፊልም ተዋናዮችን ሰማያዊ ዳራ ፊት አቁሞ፣ ሰማያዊው ከሰው ቆዳ ቀለም የራቀ መሆኑን በመጠቀም ማቱን አወጣ። ዘዴው ቢሠራም በፀጉር፣ በጭስና በመስታወት ዙሪያ ሰማያዊ ጠርዝ ይተው ነበር። ይህን ችግር ለ1959ኙ «ቤን ሁር» ፊልም የፈታው መሐንዲሱ ፔትሮ ቭላሆስ ሲሆን፣ የእሱ ዘዴ በእያንዳንዱ የምስሉ ነጥብ ላይ ሰማያዊው ከአረንጓዴው በምን ያህል እንደሚበልጥ ይለካል፤ ብልጫው ሙሉ የሆነበት ቦታ ዳራ፣ ብልጫ የሌለበት ቦታ ተዋናይ፣ በመካከል ያለው ደግሞ በከፊል የሚያሳልፍ ፀጉር ወይም ጭስ ተብሎ ይወሰዳል። ቭላሆስ ለ1964ቱ «ሜሪ ፖፒንስ» በዲዝኒ ስቱዲዮ ከነበሩ ባልደረቦቹ ጋር ሌላ መንገድ ተከትሏል፤ ዳራው በሶዲየም መብራት ቢጫ ብርሃን ይበራና፣ በካሜራው ውስጥ ያለ ልዩ ፕሪዝም ያንን ጠባብ የብርሃን ሞገድ ብቻ ለይቶ ወደ ሁለተኛ ፊልም በመላክ ማቱን በቀረጻው ሰዓት ያዘጋጀዋል። በ1976 የመሠረተው «አልቲማት» ኩባንያ የቀለም ልዩነቱን ስሌት ወደ ኤሌክትሮኒክስ ያሸጋገረ ሲሆን፣ በስሙ የሚጠራው ኖድ ዛሬም በሶፍትዌሮች ዝርዝር ውስጥ ይገኛል።

የኦፕቲካል ዘመን ከፍተኛ ደረጃ ላይ የደረሰው በ1977ቱ «ስታር ዎርስ» ሲሆን፣ ድክመቱም በዚያው ጎልቶ ታየ። ጆርጅ ሉካስ በ1975 ያቋቋመው «ኢንዱስትሪያል ላይት ኤንድ ማጂክ» ለዚህ ፊልም ከ350 በላይ የኢፌክት ትዕይንቶችን ሠርቷል። አንድ የጠፈር ውጊያ ትዕይንት ብዙ መርከቦች፣ ኮከቦችና የጥይት ብልጭታዎች ያሉት በመሆኑ እያንዳንዱ አካል የራሱ ፊልምና የራሱ ማት ያስፈልገው ነበር፤ ፊልም በተገለበጠ ቁጥር ደግሞ የምስሉ ሻካራነት ይጨምራል፤ ቀለሙም ይሸሻል። ድርጅቱ ጉዳቱን ለመቀነስ የተጠቀመበት ቪስታቪዥን የተባለው አሮጌ የፊልም አቀራረጽ፣ ፊልሙን በአግድም በማስኬድ የእያንዳንዱን ፍሬም ስፋት በእጥፍ ገደማ የሚያሳድግ ነበር። እንዲያም ሆኖ ማቱ ከምስሉ ጋር በጥቂቱ ካልገጠመ በመርከቡ ዙሪያ ጥቁር መስመር ይወጣል፤ መስመሩ የሚታየው ፊልሙ ከታጠበ በኋላ በመሆኑ እርማቱ ሥራውን ከመጀመሪያው መድገም ነበር።

በዚህ ዘመን ሙያው የሚማረው በማየትና በመታዘዝ ነበር። ስቱዲዮዎች ዘዴያቸውን ከተፎካካሪ ይሸሽጉ ነበር፤ የፈጠራ ባለቤትነት መብቶች ደግሞ የተገለጠውን ዘዴ ለሌላው ይከለክሉ ነበር። ጀማሪው ፊልም በማጽዳት፣ ጥቅል በመለጠፍና ማሽን በመጫን ጀምሮ ዓመታት ከቆየ በኋላ ብርሃን የመመደብ ኃላፊነት ይሰጠው ነበር። ሬይመንድ ፊልዲንግ ስለ ልዩ ኢፌክት ቀረጻ ስልት የጻፈው መጽሐፍ በ1965 ሲታተም ይህን ዕውቀት በሥርዓት ካሰፈሩት ቀዳሚ ሥራዎች አንዱ የሆነ ሲሆን፣ በ1980 የተጀመረው «ሲኔፌክስ» መጽሔት ደግሞ እያንዳንዱ ትዕይንት እንዴት እንደተሠራ በዝርዝር የሚያስረዳ መዝገብ ለአራት አሥርት ዓመታት ሲያቀርብ ቆይቷል። ይሁን እንጂ መጽሐፍም መጽሔትም ስለ ሥራው መናገር እንጂ ሥራውን ራሱን ለአንባቢው ማስረከብ አይችሉም ነበር።

የቅንብር ሥራ ወደ ስሌት የተሸጋገረው በሁለት እርምጃ ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻ በኒው ዮርክ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የነበሩት አልቪ ሬይ ስሚዝና ኤድ ካትሙል፣ ማት ከምስሉ ተለይቶ እንዳይሄድ ከቀይ፣ ከአረንጓዴና ከሰማያዊ ቀጥሎ አራተኛ ቁጥር በእያንዳንዱ ፒክስል ላይ አከሉ፤ ይህም «አልፋ» ይባላል። አልፋ 1 ሲሆን ፒክስሉ ሙሉ በሙሉ ይሸፍናል፤ 0 ሲሆን ምንም አይሸፍንም፤ 0.25 ሲሆን ሩቡን ይሸፍናል። በ1984 ደግሞ በሉካስፊልም የነበሩት ቶማስ ፖርተርና ቶም ደፍ ሁለት ምስሎች በአልፋ አማካይነት ሊገናኙባቸው የሚችሉባቸውን 12 መንገዶች በስሌት ዘርዝረው አሳተሙ። ከእነዚህ ዋነኛው፣ «ኦቨር» የተባለውና አንዱን ምስል በሌላው ላይ የሚያስቀምጠው፣ የፊቱን ምስል «ሀ» የኋላውን «ለ» ብለን ብንሰይም «ሀ + ለ × (1 − አልፋ)» ተብሎ ይጻፋል፤ ይኸውም የፊቱ ምስል አልፋ 0.25 በሆነበት ቦታ የኋላው ምስል 0.75ቱ ይታያል ማለት ነው። ስሌቱ የሚሠራው «ሀ» አስቀድሞ በራሱ አልፋ የተባዛ ከሆነ ነው። የአሜሪካ የፊልም አካዳሚ በ1996 ለአራቱም በጋራ የቴክኒክ ሽልማት የሰጠ ሲሆን፣ በ1984 የወጡት የአሠራር ስሞች አብዛኞቹ ዛሬም «ሜርጅ» በተባለው ኖድ ውስጥ ተዘርዝረው ይገኛሉ።

ስሌቱ ቢገኝም ፊልምን ወደ ኮምፒውተር አስገብቶ ጥራቱ ሳይጓደል መመለስ ሌላ አሥር ዓመት ጠየቀ። በ1989 በወጣው የ«ኢንዲያና ጆንስ» ሦስተኛ ፊልም ውስጥ አንድ ሰው በቅጽበት አርጅቶ አፈር የሚሆንበት ትዕይንት ሙሉ በሙሉ በዲጂታል መንገድ ከተቀናበሩት የመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። በ1993 የኮዳክ ኩባንያ «ሲኒዮን» የተባለ ሥርዓት ሲያቀርብ፣ ስካነሩን፣ ሶፍትዌሩንና ምስሉን ወደ ፊልም የሚመልሰውን መሣሪያ አንድ ላይ ያቀናጀ ሲሆን፣ የዲዝኒ «ስኖው ዋይት» ፊልም ሙሉ እድሳትም በዚሁ ዓመት በዚህ ሥርዓት ተከናወነ። ያን ጊዜ ፊልም መገልበጥ ያስከትለው የነበረው ጉዳት ቀረ፤ አንድ ምስል መቶ ጊዜ ቢቀዳ መቶኛው ቅጂ ከመጀመሪያው አይለይምና።

አዲሱ ሥራ በስክሪን ላይ በምን መልክ ይታይ የሚለው ጥያቄ ሁለት መልስ አገኘ። በ1993 የወጣው አፍተር ኢፌክትስ ምስሎችን በንብርብር፣ አንዱን በሌላው ላይ፣ ከጊዜ መስመር ጋር ደረደረ። በዚያው ዓመት የተቋቋመው ዲጂታል ዶሜይን የተባለ የካሊፎርኒያ ስቱዲዮ ለራሱ ጥቅም የጻፈው «ኒውክ» ግን ሁለተኛውን መንገድ ያዘ፤ መጀመሪያ ትእዛዞችን በጽሑፍ የሚቀበል ፕሮግራም የነበረው ኒውክ በ1994ቱ «ትሩ ላይስ» ፊልም ላይ ካገለገለ በኋላ ቀስ በቀስ የኖድ ሥዕላዊ ገጽታ አገኘ። በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ናቲንግ ሪያል የተባለ ኩባንያ ያቀረበው «ሼይክ» የስቱዲዮዎቹ የጋራ መሣሪያ ሆኖ ቆየ፤ ኩባንያውን በ2002 የገዛው አፕል ሼይክን በ2009 ሲያቋርጠው፣ በ2007 ወደ ለንደኑ ፋውንድሪ የተላለፈው ኒውክ ቦታውን ወሰደ። ኖድ ንብርብርን በትልልቅ ፊልሞች ያሸነፈበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ አንድ ማት በአምስት ቦታ የሚያስፈልግ ከሆነ በንብርብር አሠራር አምስት ጊዜ መቅዳት ሊያስፈልግ ሲችል፣ በኖድ ዛፍ ግን ከአንድ ሣጥን አምስት መስመር ማውጣት በቂ ነው፤ ማቱ ሲታረምም አምስቱም ቦታ አብረው ይታረማሉ።

አንድ የተለመደ የአረንጓዴ ዳራ ትዕይንት በኒውክ ሲከፈት የሙያው ታሪክ ከላይ ወደ ታች ተዘርግቶ ይነበባል። ከላይ ሁለት «ሪድ» ኖዶች ተዋናዩንና ዳራውን ያስገባሉ፤ ይህ ፊልሙን ፕሪንተር ላይ መጫን ነው። ከተዋናዩ ሥር ያለው «ኪየር» አረንጓዴውን ለይቶ አልፋ ያወጣል፤ የቭላሆስ የቀለም ልዩነት ስሌት ነው። ከጎኑ የገባው «ሮቶ» ኪየሩ የሳተውን ቦታ በእጅ በተሣለ ቅርጽ ይሸፍናል፤ ይህም ማክስ ፍላይሸር በ1917 መብት ያገኘበት፣ ፊልምን ፍሬም በፍሬም እየተከተሉ የመሣል ሥራ ቀጥተኛ ወራሽ ነው። ቀጥሎ በተዋናዩ ትከሻ ላይ የተንጸባረቀው አረንጓዴ ይቀነሳል፤ «ግሬድ» ቀለሙንና ብርሃኑን ከዳራው ጋር ያስማማል፤ «ሜርጅ» ሁለቱን ያገናኛል፤ ከሜርጁ በታች ደግሞ ዳራው ላይ ያለውን ዓይነት የፊልም ሻካራነት በተዋናዩ ላይ የሚጨምር ኖድ ይመጣል። ኦፕቲካል ሠራተኞች ሊያጠፉት ሲታገሉ የኖሩትን ሻካራነት የዛሬው ባለሙያ ሆን ብሎ ይመልሰዋል፤ ያለ እሱ ተዋናዩ ከዳራው ተለይቶ ይታያልና።

ተማሪው ከሁሉ አስቀድሞ የሚወድቅበት ፈተናም ከታሪኩ የወጣ ነው። ከላይ እንደተባለው ምስሉ አስቀድሞ በአልፋው የተባዛ ሊሆን ይችላል፤ በዚህ ሁኔታ ያለውን ምስል ጥቁሩን ከፍ አድርጎ ቀለም ያረመ ሰው፣ አልፋው 0 በሆነበት ቦታ እንኳ ብርሃን ይጨምርና በተዋናዩ ዙሪያ የሚያበራ ጠርዝ ይፈጥራል። መፍትሔው «አንፕሪመልት» በተባለ ኖድ ምስሉን ለአልፋው አካፍሎ፣ ቀለሙን አርሞ፣ በ«ፕሪመልት» መልሶ ማባዛት ነው። ይህ የሚያበራ ጠርዝ መነሻው ቢለይም በሚያስከትለው ጉዳት የ1977ቱ ጥቁር መስመር ዘመድ ነው፤ በኖድ ዛፍ ግን መምህሩ የተማሪውን ሥራ ከላይ ወደ ታች እያንዳንዱ ሣጥን ጋ ቆሞ በማየት ጠርዙ የት ላይ እንደተወለደ በጣቱ ሊያመለክት ይችላል። የኒውክ ዛፍ የሚቀመጠው በተራ ጽሑፍ በመሆኑም፣ ጥቂት ኖዶችን ቀድቶ በኢሜይል መላክና ተቀባዩ በራሱ ስክሪን ላይ ለጥፎ ማስነሣት ይቻላል።

ይህ ባሕርይ የትምህርቱን መልክ ለወጠው። በለንደን ሶሆ ሰፈር በሚገኙት ስቱዲዮዎች ጀማሪ ሠራተኛ ለረጅም ጊዜ «ረነር» ሆኖ ሻይና ዕቃ በማመላለስ ጀምሮ፣ ማታ ማታ ባዶ ኮምፒውተር ላይ እየተለማመደ ወደ ሮቶ፣ ከሮቶም ወደ ቅንብር ያድግ ነበር። ከሼይክ ሠሪዎች አንዱ የነበረው ሮን ብሪንክማን በ1999 ያሳተመው የዲጂታል ቅንብር መጽሐፍ የስሌቱን መሠረት ከሶፍትዌር ስም ነጥሎ ያስተማረ ሲሆን፣ ቀጥሎ የመጡት የርቀት ትምህርቶች ደግሞ የቀረጻውን ፋይልና የኖድ ዛፉን አብረው መስጠት ጀመሩ። ብሌንደር የተባለው ነጻ ሶፍትዌር በ2006 የቅንብር ኖዶችን አካተተ፤ ብላክማጂክ ዲዛይን የተባለው ኩባንያ ፊውዥን የተባለውን በኖድ የሚሠራ የቅንብር ሶፍትዌር በ2014 ገዝቶ በነጻ የሚገኝ ቅጂ አወጣ፤ ፋውንድሪም በ2015 ለንግድ የማይውል የኒውክ ቅጂ ያለ ክፍያ ለቀቀ። በአንጻሩ ግን ከ2000ዎቹ ወዲህ ሮቶና የጽዳት ሥራ በብዛት ወደ ሕንድ ስቱዲዮዎች በመሸጋገሩ፣ በለንደንና በካሊፎርኒያ ጀማሪው ይወጣበት የነበረው መሰላል የታችኛው እርከን ሳስቷል፤ ዕውቀቱ ክፍት ሆኖ መግቢያው ጠበበ።

በ2021 ኒውክ «ኮፒካት» የተባለ ኖድ ሲጨምር የሙያው ታሪክ ሌላ ምዕራፍ ከፈተ። ባለሙያው ጥቂት ፍሬሞችን በእጁ ሠርቶ ያሳየዋል፤ ኖዱ ከእነዚያ ምሳሌዎች ተምሮ የቀሩትን ፍሬሞች ይሠራል። ይህ ሣጥን ከሌሎቹ የሚለየው ውስጡ ተከፍቶ ሲታይ ሰው ሊከተለው የሚችል ስሌት ባለመኖሩ ነው፤ የገባውና የወጣው ምስል ይታያል፤ በመካከል የሆነው ግን እንደ ቀድሞው የላቦራቶሪ ምሥጢር የተዘጋ ነው። የኖድ ዛፍ ለሠላሳ ዓመት ያህል ሙያውን ለተማሪ የከፈተው እያንዳንዱ እርምጃ ለዓይን የተጋለጠ በመሆኑ ነበርና፣ እንዲህ ያሉ ሣጥኖች በበዙ መጠን ሥራውን በማንበብ መማር ያስቸግራል። ሆኖም ለዚህ ኖድ የሚሰጡትን ምሳሌዎች የሚሠራውም፣ የወጣው ጠርዝ ትክክል መሆኑን የሚፈርደውም አሁንም ኪየርን፣ ሮቶንና አልፋን በእጁ የሚያውቅ ሰው ነው፤ የትምህርት ቤቶች ቀጣይ ፈተናም ማሽኑ ሊሠራው የሚችለውን ሥራ ተማሪው አስቀድሞ በራሱ እጅ እንዲሠራው ጊዜ መስጠታቸው ወይም አለመስጠታቸው ይሆናል።